በቁሙ የተለቀሰለት ክራር መቺ

እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እጀምራለሁ፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ዘንድሮ የምሠራበትን የድራማ ቡድን የአልባሳት ክፍል ቁልፍ ለአንዲት ወጣት አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ዓይኔ ክርና መርፌ ማገናኘት ካስቸገረው ቆይቷል፤ እግሬም የስፌት መኪናውን እንደ ድሮው አይረግጥልኝም። ልጆቼ «ያሳለፍሽውን ጻፊው» አሉኝ። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ሆኖም ሥራዬን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ድራማ ያየ ሰው ተዋናዩን ያስታውሳል፣ ዘፈኑን ያስታውሳል። ልብሱን ማን እንዳለበሰው አይጠይቅም። ባይጠይቅም ደስ ይለኛል፤ ልብሱ ከሰውየው ቀድሞ ከታየ እኔ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነውና።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ በማጠብ ነው። ባለቤቴ ሲያርፍ የመጨረሻዋ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ልጆቼ ጦማቸውን አላደሩም። በሆቴሉ የሚጫወት አንድ የባህል ቡድን ነበር፤ የመድረክ ልብሱ የሚታጠበው እኛ ዘንድ ነው። አንድ ቀን አንድ አጭር ሽማግሌ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማጠቢያው በር ላይ ቆመ። በእጁ የሴት ቀሚስ ይዟል።

«ይኼን ሽንሽን የተኮሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ አጠፋሁ እንዴ?»

«ብታጠፊማ አለቃሽን ነበር የምጠራው። ነይ፣ እኔ ዘንድ ሥሪ።»

«መስፋት እኮ አልችልም።»

«መስፋቱን እኔ እችላለሁ። ልብስ የሚፈራ ሰው ነው ያጣሁት።»

የቡድኑ ልብስ ሰፊ አያ ደሴ ነበር። ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ።

አያ ደሴ ሰውን አቁሞ አይለካም። ጨፋሪው ሲመጣ «እስቲ ወዝወዝ አድርገው» ይለዋል። ልጁ እያፈረ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ እሱ አገጩን በእጁ ይዞ ያያል። ከዚያ በኋላ ነው ሜትሩን የሚያወጣው። «ቆሞ የተለካ ልብስ ቆሞ ለሚውል ሰው ነው፤ ይኼ ልጅ ግን ሊዘል ነው» ይለኝ ነበር። መቀስ ጨርቅ ላይ ከማሳረፉ በፊት ያማትባል። በጥርሱ ክር አይበጥስም፤ እኔ ስበጥስ ካየም መቀሱን ዝም ብሎ ወደ እኔ ያንሸራትታል። ሥራዬን ሲወደው ሸጋ ነው አይልም፤ ቀጣዩን ጨርቅ ይሰጠኛል። መመስገኔን የማውቀው የሚሰጠኝ ጨርቅ እየከበደ ሲሄድ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ ነበር። ከሰው ገላ የወለቀ፣ ባለቤት ያለው ልብስ መድረክ ላይ አያወጣም። ከቤቱ አምጥቶ «ይኼን ልልበስ» የሚል ሲመጣ ይመልሰዋል። ምክንያቱን ስጠይቀው «የሰው ልብስ ባለቤቱን ይጠራል» አለኝ። እኔም ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩ እንጂ ጠልቄ አላሰብኩበትም።

ከዚያ ቡድን ጋር ብዙ ዘመን ሠራሁ። ጭልጋ ሄደናል፣ ደባርቅ ሄደናል፤ ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ዳር ተጫውተናል። አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ሁሉን ነገር ቀይ ካላደረጋችሁ ይል ነበር፤ አንዱ ደግሞ መልኩን ያየነው ሲሾምና ሲሰናበት ብቻ ነው። ሁሉንም አመሰግናለሁ፤ ማንም እንጀራዬን አልነፈገኝም። አያ ደሴ ካረፈ በኋላ የስፌት መኪናው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ኋላ ጊዜው ሲከፋ እንግዳ ቀረ፣ ሆቴሉም ጭፈራውን አቆመ፣ ቡድኑ ተበተነ። እኔም ፀዳ በሚባለው ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመርኩ።

ዮናታን የመጣው ያኔ ነው። የጎንደር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ ተመልሶ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሊሠራ ተነስቷል። ታሪኩ ስለ አምስት ወጣቶች ነው። የሙዚቃ ባንድ አላቸው፤ የሚለማመዱት አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ሰው «መጋዘን ባንድ» ይላቸዋል። ሥራ የላቸውም። ኪቦርዳቸው ግማሽ ድምፁ ጠፍቷል። ሠርግ ላይ ይጠሩና ሙሽራው ሳይገባ መብራት ይጠፋባቸዋል። ሊበተኑ ይደርሱና ደግሞ ይሰበሰባሉ።

ዮናታን ተዋንያን ፈልጎ ሙዚቃ አላስተማረም። ሙዚቀኞችን ፈልጎ ትወና አስተማረ። ልጆቹ የሚተውኑት የራሳቸውን ኑሮ ነበር፤ እውነተኛውም ኪቦርድ ግማሽ ድምፁ የጠፋ ነው።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ዘፈን ያለበት ቦታ ነውና ልቤ አላረፈም።

«የአንቺ ድርሻ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማልበስ ነው፣ አባቴ።»

«ልጆቹ ልብስ የላቸውም?»

«ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።»

«እንግዲያው አልብሻቸው። የታረዘ ማልበስ ታዝዘን የለ።»

ጉልበቱን የቀደድኩት እኔው እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ፋሽን ነው ብለው ልጆቹ ናቸው ያስቀደዱኝ።

የድራማ ልብስ ከመድረክ ልብስ ይለያል። መድረክ ላይ አዲስ ነገር ያምራል። ካሜራ ፊት ግን አዲስ ልብስ ይዋሻል። የሙዚቀኛ ልብስ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ልጆቹ ሲለማመዱ ጥግ ይዤ አይ ነበር። ክራር የሚመታው ልጅ የግራ እጅጌው ከአንጓው ላይ ይሳሳል፤ ጊታር የሚይዘው ትከሻው ላይ በማንገቻው ይላጣል፤ ከበሮ መቺው ብብቱ ይተረተራል። አዲሱን ሸሚዝ እነዚያ ቦታዎች ላይ በሸክላ ስባሪ እፈትገዋለሁ፤ የነጣውን ሻይ ውስጥ ነክሬ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ላብ የሚመስለውንም አውቅበታለሁ። ናይሎን ግን አላስገባም፤ ሲንቀሳቀስ ይንኮሻኮሽና ድምፅ የሚቀዳውን ልጅ ያስለቅሰዋል።

ሌላው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ድራማ እንደ ታሪኩ ተራ አይቀረጽም። መጨረሻው ቀድሞ፣ መሐሉ ኋላ ሊቀረጽ ይችላል። ስለዚህ ማን የትኛውን ቁልፍ ከፍቶ እንደነበር በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስቀምጣለሁ። አንዴ የዘፋኟን የቤዛን ጉትቻ ሳላነሳ ቀርቼ፣ በር ስትከፍት ጉትቻ ያላት ልጅ ቤት ስትገባ ባዶ ጆሮ ሆና ተገኘች። «እትዬ ብርቄ፣ በሩ ላይ ሌባ አለ እንዴ?» እያሉ አንድ ወር አላገጡብኝ።

ክራሩን የሚመታው ልጅ እንየው ይባላል። ከደባርቅ ማዶ፣ የድብ ባሕር ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ከሱ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ አልቀውባት፣ ይኼኛውን እስቲ እንየው ብላ ነው ስሙን ያወጣችለት። አባቱም የለም። ጎንደር የላከችው እንዲማር ነበር፤ እሱ ግን ክራር ይዞ ተገኘ። ተቆጥታ፣ ኋላም ዝም ብላ ተወችው። እርጋታ ያለው ልጅ ነው። ልብሱን ሲያወልቅ አጣጥፎ የሚሰጠኝ ከሁሉም እሱ ብቻ ነበር።

በታሪኩ ውስጥ ክራር መቺው በመኪና አደጋ ይሞታል። ባንዱም ከዚያ በኋላ ነው እንደገና አንድ የሚሆነው። ዮናታን መጀመሪያ ለመቅረጽ የወሰነው ለቅሶውን ነው። እህል የተሰበሰበበት ወር ነበር፤ ገበሬው እጁ ፈታ ብሏል፤ መንገዱም ያን ሰሞን ሰላም ነው። ከድብ ባሕር ወዲህ፣ አውራ ጎዳናው አፋፍ ላይ ያለች አንዲት መንደር ሄድን። እንየው አልመጣም። የሞተ ሰው ለቅሶው ላይ ምን ይሠራል? ጎንደር ቀርቶ ይለማመድ ነበር።

በአገሩ ወግ ለቅሶ ላይ የሟች ልብስና ዕቃ ይወጣል፤ እየተያዘ ይለቀስበታል። አንድ ጋቢ አዘጋጅቼ ነበር። ዮናታን ሲያየው «ይኼ ጋቢ ሰው አልለበሰውም፣ እትዬ ብርቄ፤ ያስታውቃል» አለኝ። እውነቱን ነው። እንየው ቀደም ብሎ የራሱን ጋቢ «ካስፈለገ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። እናቱ ፈትላ ያሠራችለት ነው። ጫፉ ላይ እሳት በልቶት በቡኒ ሱፍ ክር ሰፍታዋለች። ያን አወጣሁ።

አልቃሿ እውነተኛ አልቃሽ ነበረች፤ በአካባቢው የታወቀች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት። ዮናታን የገጸ ባሕርይውን ስም ነገራት። ደረቷን ይዛ ትንሽ አሰበችና እምቢ አለች።

«የማን ልጅ ነው? አገሩስ የት ነው?» አለች።

«እማማ፣ ታሪክ ነው፤ የለም።»

«ከሌለማ ምኑን ላልቅስለት? እናት የሌለው፣ አገር የሌለው ሰው አላለቅስም። ሰው ስጠኝ።»

ፀሐይዋ እየሄደች ነበር። ዮናታን ተጨነቀና የልጁን እውነተኛ ነገር ነገራት፤ ድብ ባሕር፣ የጌጤ ልጅ፣ እንየው፣ ለእናቱ አንድ። በኋላ ስሙን በድምፅ ቀይረን እናስተካክለዋለን ብሎ አስቦ ነው። እኔም ቆሜ እሰማ ነበር፤ ክፉ አልመሰለኝም።

አልቃሿ ጋቢውን ተቀበለችኝ፤ ወደ ሰማይ ዘረጋችውና፦

«የጌጤን አንድ ልጅ ማን ወሰደው ቀምቶ፣
ክራሩ ተሰቅሎ፣ ጋቢው ብቻ መጥቶ!»

አለች። ለቀረጻው የተሰበሰበው የመንደሩ ሰው ሁሉ እውነቱን አለቀሰ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር አለቀሰ። በዚህ መሐል ወደ ደባርቅ የሚሄድ አውቶቡስ መንገዱ ላይ ቆመ። ለቅሶ ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ በዚያ አገር ነውር ነው። ተሳፋሪው ወረደ፤ ካሜራው ከዛፍ ሥር ስለሆነ ልብ ያለው የለም። ደረታቸውን መትተው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ተሳፈሩ። ዮናታን በጣም ደስ አለው፤ አጃቢ በነጻ አገኘሁ አለ። ከወረዱት መሐል የድብ ባሕር ሰዎች እንደነበሩ ያወቅነው በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የቀረውን ልንቀርጽ ስንሰናዳ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ላዩ ሰው ሞልቷል። የወረዱት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት የምትመጣዋ ሴት ራሷን ተላጭታለች። ፊቷ ተነጭቷል። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት። አፏ የልጇ አፍ ነው።

«ሬሳውን ስጡኝ» አለች። ድምፅዋ አልቋል።

ዮናታን ሮጦ ሄደ። «እናቴ፣ ልጅዎ አለ! ጎንደር ነው፤ ደኅና ነው!»

ጌጤ እንደዚያ ሲላት መሬት ላይ ተቀመጠች። የመጡት ሴቶች በአንድ ጊዜ ጮኹ።

ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። በእኛ ዘንድ መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰውየው ሞቶ ሳለ «አለ፣ ደኅና ነው፣ ትንሽ አመም አድርጎት ነው» ይባላል። እናት ቀስ በቀስ እስክትረዳው እንደዚያ ይባላል። ስለዚህ ዮናታን አለ ባለ ቁጥር ለእሷ ልጇ የባሰ ይሞት ነበር። መልኩን ከካሜራው አወጣንላት፤ በመጋዘኑ ውስጥ ልምምድ ላይ ክራር ይዞ ይስቃል።

«የሞተ ሰውም ፎቶ አለው» አለች ወንድሟን አያ ማንደፍሮን እያየች። «ምነው ይደልሉኛል? ቅበሩና ንገሩኝ ብያለሁ?»

ስልክ እንዳንደውል ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። የቀረው ልጁን በአካል ማምጣት ነው። ዮናታን መኪናችንን ይዞ ወደ ጎንደር በረረ።

እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ። ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋቢው አልቃሿ ዘንድ ስለነበር ሄጄ አምጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። የሰፋችውን ቦታ በጣቷ ፈለገችው፤ አገኘችው። አለ አላልኳትም፤ ሞተም አላልኳት። በልቤ ለሚካኤል ተሳልኩ። የአያ ደሴ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። በሥራ ዘመኔ የከፋ ቀን የትኛው ነው ብትሉኝ ያ ነው። አንድ ጊዜ ውኃ አቀረብኩላት፤ ዓይኔን አየችኝና ተቀበለችኝ።

መኪናው ሲመለስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። እንየው መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወረደ። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጌጤ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

ተንበርክኮ ሰጣት። ክራር ያደነደናቸውን የጣቶቹን ጫፎች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ራሱን ስባ አሸተተች። ከዚያ በሁለት እጇ ደረቱን መታችው፣ መታችው፤ እሱም ዝም ብሎ ተመታላት። ሲደክማት ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

የአክስቱ ልጅ የሆነች አንዲት ሴትዮ ከኋላ መጥታ ጆሮውን ያዘችው። «አንተ! ላንተ ብዬ ነው ይኼን ፊት የነጨሁት። በል ካሰኝ!»

«ዝም በይው» አላት አያ ማንደፍሮ፤ «በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ። አንቺን ይቀብርሻል።»

ሰው ሳቀ። ጌጤ አልሳቀችም። ልጇን አይሱዙው ላይ አስጫነችና ወሰደችው። ጋቢው እዚያው መሬት ላይ ቀረ።

ሥራው ቆመ። እንየው ሞቶ የተለቀሰለትን እንጂ ቆሞ የሚጫወትበትን ገና አልቀረጽንም ነበር። ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች ዮናታንን ሌላ ክራር መቺ ፈልግ አሉት። ልጆቹን መጋዘኑ ውስጥ ሰብስቦ ጠየቃቸው።

«ክራር የሚመታ ሞልቷል» አለች ቤዛ። «እኛ ግን እሱ በሚገባበት ቦታ ዝም ማለት ለምደናል። ሌላ ሰው ያንን ዝምታ የት ያውቀዋል?»

ከበሮ መቺው ደግሞ «እሱ ከቀረ እኔም ወንድሜ ጋ ሱቅ እገባለሁ» አለ። ቀልዱን አልነበረም። አንድ ልጅ ከጎደለ ድራማውም ባንዱም እንደሚያልቅ የዚያን ቀን ገባን።

ካህን ይዘን ድብ ባሕር ሄድን። ጋቢውን ጌጤ ያን ቀን ጥላው ሄዳ ስለነበር አጥቤ ይዤዋለሁ። ዮናታን ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ደጃፏ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ። የተበደለን ሰው ይቅርታ የሚጠይቁት እንደዚያ ነው። እጁ መጻፍ እንጂ ድንጋይ አልለመደም።

ጌጤ ወጥታ አየችው። «አውርደው» አለች። «ድንጋዩ ምን አጠፋ?»

ገባን። አያ ማንደፍሮና ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። እንየው ከበሩ ኋላ ቆሟል። ካህኑ ስለ ይቅርታ ተናገሩ። ዮናታን ስለ ልጁ ተሰጥኦ ተናገረ፤ ስለ ጓደኞቹ ተናገረ፤ አገር ሁሉ ያየዋል አለ። ጌጤ ራሷን በሻሽ ሸፍና መሬት መሬት ታያለች።

«እናቴ፣ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» አለ እንየው። «አንቺ እምቢ ካልሽ ግን አልሄድም።»

ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ዝም ብለሻል። ልጅ አለሽ?»

«አራት።»

«አንቺ ብትሆኚ ትለቂው ነበር?»

ሁሉም አዩኝ። ዮናታን በዓይኑ ሲለምነኝ አየሁት። ልጁም ቆሟል። የአምስት ልጆች ተስፋ እኔ አፍ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ራስዋን የተላጨች እናት ፊት ተቀምጬ ምን ልበል?

«አልለቀውም ነበር» አልኳት።

ዮናታን ዓይኑን ጨፈነ። ጌጤ ጋቢውን ከእጄ ወሰደችና አሸተተችው፤ አጣጥፋ መደቡ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው አንቺ ዘንድ ይደር» አለች።

አልገባኝም። እንደገና ተናገረች። «የማትለቀው ሰው ዘንድ ይሁን። ሌላ ቤት እንዳያድር። የሚበላውን አንቺ ትሰጪዋለሽ፣ ሲመሽ አንቺ ትጠይቂዋለሽ። አንተ ደግሞ» አለች ወደ ዮናታን ዞራ፤ «ልጄ በታሪክህ አይሞትም።»

«አይሞትም» አለ ዮናታን።

«በምን አውቃለሁ? አንተ ማን ነህና?»

«ጸሐፊው እኔ ነኝ።»

«ይኼው! ቀድሞም አንተ ነሃ የገደልከው!»

ካህኑ ሳይቀሩ ሳቁ። ጌጤም አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

ዮናታን ለቅሶውን ደመሰሰው፤ ማንም ሳይጠይቀው። ታሪኩንም እንደ አዲስ ጻፈው። በአዲሱ ታሪክ ክራር መቺው ለአጨዳ ወደ እናቱ ይሄድና ይዘገያል፤ ልጆቹ ሌላ ሰው ሳይተኩ ይጠብቁታል። ቀላል ታሪክ ሆነ አሉ አንዳንዶቹ። እኔ ሳየው ግን ቀላል አልነበረም። መጠበቅን የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንየው ፀዳ እኔ ቤት ኖረ። ትርፍ አልጋ የነበረኝ ሳሎን ነው፤ እዚያ ተኛ። ጾም ሲሆን ክራሩን ሰቅሎ ከእኔ ጋር ቅዳሴ ይሄዳል። ሲፈታ ደግሞ ጓሮ ተቀምጦ ይለማመዳል፤ እኔ መኪናዬ ላይ እሰፋለሁ። ድምፁ ሲመቸኝ እግሬ መርገጡን ይረሳና ስፌቱ ይቆማል። ጌጤ በወር አንድ ጊዜ ትመጣለች፤ ጤፍና ሽሮ ይዛ። መጀመሪያ ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ ታየዋለች። ቀጥላ እኔን። ፀጉሯ ቀስ በቀስ አደገ።

የመጨረሻው ክፍል በቴሌቪዥን ሲታይ እኔ ቤት ተሰብስበን አየነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ አልተበተኑም። ድራማ መሆኑ ቀረና ባንዱ እውነተኛ ባንድ ሆነ። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ቋሚ ሥራ ሰጣቸው፤ ቤዛ ኪቦርዱ ሙሉ ነው ብላ ጮኸች። እንየውም ሊሄድ ነው። ይኼን ጊዜ አደራዬ አበቃ፤ መልቀቅ የእሷ ነው ብዬ ለጌጤ መልእክት ላክሁላት። መጣች። ልትከለክለው ነው ብዬ ሰጋሁ። አልከለከለችም። ሻንጣውን ራሷ አሰናዳች።

ሦስታችን በባጃጅ መናኸሪያ ሄድን። ልጆቹ ቀድመው ተሳፍረዋል፤ ከመስኮቱ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ከበሮው የት ይጫን ብለው ከረዳቱ ጋር ይከራከራሉ። እንየው ጉልበታችንን ሳመ። እኔን ሲስመኝ እንባዬ አመለጠኝ። ለአራት ልጆቼ ያልወጣ እንባ የት እንደነበር አላውቅም። ጌጤ ደረቅ ዓይኗን ተክላ ቆማለች። አውቶቡሱ ከበሩ ወጥቶ ወደ አዘዞ መንገድ እስኪታጠፍ አየችው።

«አንቺ ምነው አታለቅሺም?» አልኳት።

«የእሱን ጨርሼዋለሁ» አለች።

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፤ ክንዴን ያዘችኝና ባጃጅ ወዳለበት ሄድን።